የልጄ በግ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መበደሌን ያልነገርኩት ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ በውጤቴ የሚገባኝን የመምህርነት ቦታ አንስተው ለሌላ ሲሰጡ፣ እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ዛሬም ያንገበግበኛል። ሰሞኑን ታዲያ ኑሮ ጠናብን። ሁለት ልጆች፣ አንድ ውሻ፣ ከኛ እኩል የምትበላ አንዲት በግ። ጤፋችን ሲያልቅ በጊቱን ልሸጥ ቆረጥኩና ገመዷን ስፈታ ትልቋ ልጄ በሩ ላይ ቆመች።

«አባ፣ ወዴት ልትወስዳት ነው?»

«ገበያ።»

«የኔ እኮ ናት። የክርስትና አባቴ ነው የሰጠኝ። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እጄ ገመዱ ላይ ቀረ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ እኔው ስለው ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና፣ «መልስላታ፤ የበደል ነገር ካንተ በላይ ማን ያውቃል?» አለችኝ። ልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጤፉ ማለቁን፣ ፉርሽካው መወደዱን እንደ ትልቅ ሰው አስረዳኋት። አሰብ አደረገችና፣ «ክርስትና አባቴ ዘንድ ሣር ሞልቷል አይደል?» አለች።

ባለቤቴ ሳቀች። «ለርቢ እንስጠው በላ! እሱ ያርባት፤ ስትወልድ እንካፈላለን። የፉርሽካውን ብር ለጤፍ እናውለዋለን።»

ቡሬ አጠገብ ገጠር ለሚኖረው አበልጄ ወዲያው ደወልኩ። ጨርሶ ሰማኝና፣ «እኔስ ደስ ይለኛል አበልጄ፤ ግን የበጊቱ ባለቤት ፈቅዳለች?» አለኝ።

«ራስህ ጠይቃት» ብዬ ስልኩን ለልጄ ሰጠኋት።