ከሰላ ላይ የነቀልኩት እንሰት

«ሱዳን ሳለሁ አለማወቄ አራት እግር ሙዝ ነው ያስከፈለኝ» አለ አንድ የዳምቦያ ጎልማሳ። ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ወደ ሆሳዕና በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነን። ጭነቱ የኔ ጨው ነው፤ ሰው የተጫነው በላዩ ነው። በጆንያዎቹ መሃል እግሩን አጥፎ የሚያወራው ለአንዲት የፎንቆ እናት ነው።

«ሱዳን ምን ወሰደህ?»

«አገር ልይ ብዬ። ከሰላ ከተማ አንድ ቤተሰብ አስጠጋኝ። ጠዋት አትክልታቸውን እሠራለሁ፤ ያበሉኛል፣ ያሳድሩኛል። ከምሳ በኋላ ተራራቸውን እወጣለሁ።»

«ከብት ጠፍቶብህ?»

«ኧረ ለማየት ብቻ፣ እናቴ።»

«ለማየት! እሺ፣ ሙዙስ?»

«ሙዝ አይቼ አላውቅማ፣ እንሰት መሰለኝ። እነሱ ሰርግ ሲሄዱ ቆጮ ላብላቸው ብዬ አራቱን ከነሥራቸው ነቀልኳቸው።»

«ወንድ ሆነህ እንደ ሴት እንሰት ልትፍቅ?»

«ማን ያየኛል ብዬ!»

«ጉድ! አላባረሩህም?»

«አባትየው ጨርቅህን ይዘህ ውጣ አሉኝ። መሄጃ የለኝም። አንድ ክረምት ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከዚያ አባቴ እንሰት እንደሚያባዛው ሥሩን ሰንጥቄ፣ ፍግ አልብሼ ቀበርኩት።»

«በቀለ?»

«ከያንዳንዱ አምስት ስድስት ቡቃያ! ጎረቤቱ ሁሉ ችግኝ ሊለምን መጣ። አባትየውም ‹ልጄ ነው የሠራው› እያሉ ያድሉ ጀመር።»

«ልጄ አሉህ?»

«በሰው ፊት!»

እኔም የተደገፍኩትን ጆንያ ገፋ አድርጌ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ለቀቅኩለት።