በሁለት እጅ

«እማ፣ ኮሪያኖች ምን ይወስዱብኛል ብለሽ ነው እንዲህ የምትፈሪው?»

ደጊቱን እንዲህ የጠየቀቻት ልጇ ኑሃሚን ነበረች። ልጅቷን ሴኡል ያለ ዩኒቨርሲቲ ፊልም እንድትማር ተቀብሏታል፤ የቀረው የእናቷ እሺታ ብቻ ነበር። ደጊቱ ግን ከልጇ ክፍል ያ የማይገባት የኮሪያ ድራማ ቋንቋ በተሰማ ቁጥር «ዝጊው!» ትላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናትና ልጅ ጎመን ሊገዙ፣ በፈረንጅ አገር ከሚኖሩባት ከሊልበርን ከተማ አጠገብ ካለ የኮሪያ ገበያ ገቡ። ኑሃሚን ጋሪውን እየገፋች ወደ ካሸሯ ስትቀድም፣ ደጊቱ ከጎረቤቷ ልጅ ከሱአድ ጋር ተገጣጠመች። ሱአድ ሳንዲ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ የምትሠራ ሐኪም ናት፤ እዚሁ ያደገች ናትና አንቱታ አይሆንላትም።

«እትዬ ደጊቱ! ምነው ከሳሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ፍርሃት ነው ልጄ። የኑሃሚንን አማርኛ ይሄ አገር ወሰደብኝ፤ እሷን ራሷን ደግሞ ኮሪያ ሊወስዳት ነው። ጦር ሳይልኩ፣ በዘፈንና በድራማ!»

ሱአድ ሳቀች። «እሱስ እውነትሽን ነው። መንግሥታቸውም ያግዛል፣ ፕላን አድርገው ነው። ሰው መጀመሪያ ዘፈኑን ይወዳል፤ ከዚያ ምግቡን፣ ከዚያ ስልኩንና መኪናውን ይገዛል። ማንም አላስገደደውም፤ ወዶ ነው።»

«ታዲያ ምኑ ያስቅሻል? ወዶ የሄደን ሰው በምን ይመልሱታል?»

ይህን ስትል ዓይኗ ወደ ልጇ ሄደ። ካሸሯ አሮጊት ኮሪያዊት ነበሩ። የዕቃውን ከረጢት ሲዘረጉላት ኑሃሚን ጎንበስ ብላ፣ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ተቀበለቻቸው።

«ይሄን ማን አስተማራት?» አለች ደጊቱ ደንግጣ። «‹ከትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚቀበሉት› ስላት ‹እማ፣ ዊርድ ነው፣ ያሳፍራል› ነበር መልሷ!»

«ድራማው ነዋ!»

«እኔ ስላት እምቢ፣ ቴሌቪዥን ሲላት እሺ?»

«አንቺ የምትነግሪያት ተቆጥተሽ ነዋ! ማለቴ፣ ቅጣት ነው የሚመስለው። እነሱ አያት ስትከበር አሳዩአት፤ በወጋቸው አላፈሩም። እኛ በወጋችን ልጅ ላይ እንጮህበታለን፣ ፈረንጅ ሲመጣ ደግሞ እንደብቀዋለን። እሷ የምትሄደው በፊልም ማሳየቱን ልትማር ነው። ብትከለክያት በልቧ መሄዷ አይቀርም፤ ያኔ ምንም አትነግርሽም። ብትመርቂያት ግን ትደውልልሻለች።»

ደጊቱን ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ነገር ግን የሚፈራው ሌላ ሆኖ አገኘችው። ኮሪያኖች የወሰዱባት ነገር አልነበረም። እሷ ነበረች ያላትን ለልጇ በሚወደድ መንገድ ሳትሰጥ የቆየችው።

«ሂጂ፣ ልጄ» አለቻት ኑሃሚንን፣ ሲመለሱ መኪና ውስጥ። «እስክትሄጂ ግን ያንን ድራማሽን ለእኔም አሳዪኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ያዩ ጀመር። ደጊቱ «ይቺ ለምን ታለቅሳለች?» ትላለች፤ ኑሃሚንም ለእናቷ ለማስረዳት ስትል ተኝቶ የነበረውን አማርኛዋን ትቀሰቅሳለች። «እናንተ ጋስ ሙሽራ እንዴት ነበር የምትወጣው?» ብላ ትጠይቃለች፤ እናቷም ትነግራታለች። የስንት ዓመት ቁጣ ያላስተማረውን ይህ ጥቂት ጊዜ አስተማረ። እናቶች ልብ በሉት፤ ልጅ የሚወደውን አብረን ብናይለት፣ እኛ የምንወደውን ይጠይቀናል።

ነሐሴ ላይ አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርሱ ደጊቱ ልጇን መረቀቻት። ኑሃሚን ሄደች፤ ደጊቱ ሊልበርን ቀረች።