ያለ ሰው እጅ የሚሠራው ሬዲዮ

(አስናቀ አዲስ አበባ፣ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ኮሪደር ላይ ላፕቶፑን ታቅፎ ቆሟል፤ ደብረ ብርሃን ቤቱ ያለው፣ ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚያወራበት የአማተር ሬዲዮ ጣቢያው ከርቀት አልታዘዝ ስላለው፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ፀጉር ቤት ላላት ባለቤቱ ለውድነሽ ደውሎላታል።)

አስናቀ፦ ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ የሶኬቱን ማብሪያ ተጫኚው ነው ያልኩሽ። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?

ውድነሽ፦ ዩኒቨርሲቲ የገባኸው አንተ ነህ። ያጠፋኸውም አንተው።

አስናቀ፦ ሬዲዮውን አላጠፋሁም። ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍብኝ ዋይፋዩን ከዚህ ሆኜ በሶኬቱ በኩል አጥፍቼ ላበራው ነበር።

ውድነሽ፦ እና?

አስናቀ፦ አጠፋሁት።

ውድነሽ፦ አብራዋ ታዲያ።

አስናቀ፦ እንዴት አድርጌ? ትዕዛዜ እዚያ የሚደርሰው በዋይፋዩ በኩል ነው።

ውድነሽ፦ ቆይ፣ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተህ በሩን በራስህ ላይ ዘጋህ ማለት ነው።

አስናቀ፦ አንቺ ከፀጉር ሌላ የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ።

ውድነሽ፦ አልገባም። መግባትም አልችልም። የክፍሉ ቁልፍ የት ነው?

አስናቀ፦ የት ይሆናል፣ እዚያው... ቆይ። ኪሴ ውስጥ ነው።

ውድነሽ፦ "የፀጉር ቅባትሽ ዕቃዬን ያበላሽብኛል" ብለህ ቆልፈህ ሄድክ። እንዳንተ ያለ ጠንቃቃ የት ይገኛል።

አስናቀ፦ በመስኮት አይገባም?

ውድነሽ፦ ብረት አስገጥመህበታል። እኔን ፈርተህ ይሆናል።

አስናቀ፦ ሹፈቱን ለማታ አቆይልኝ። እንግዶቹ ሻይ ላይ ናቸው፤ ሲመለሱ ተራው የኔ ነው። የሬዲዮ ማኅበራችን ፈቃድ በነሱ እጅ ነው። ሬዲዮው ፊታቸው ካልሠራ አበቃልን።

ውድነሽ፦ ንግግርህ "ያለ ሰው እጅ የሚሠራ ጣቢያ" የሚለው ነው አይደል? መስታወት ፊት ስትለማመደው ሰምቼሃለሁ።

አስናቀ፦ ታዲያ ምን ችግር አለው?

ውድነሽ፦ ምንም። ጣራ ላይ አንቴናውን ስትተክል፣ በዝናብ ምሰሶውን የያዝኩልህ በእግሬ ነበር መሰለኝ።

አስናቀ፦ አሁን ይሄ ከየት መጣ?

ውድነሽ፦ ከጣራው።

አስናቀ፦ ውድነሽ፣ ዛሬ መብራት አልሄደም እንዴ?

ውድነሽ፦ አልሄደም።

አስናቀ፦ ጭራሽ? ትንሽ እንኳን?

ውድነሽ፦ ብልጭ ድርግም እንኳን አላለም። ሲሄድ ስትራገም ኖረህ ዛሬ ናፈቀህ?

አስናቀ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱ በራሱ ይበራል፤ እኔው ነኝ እንደዚያ ያደረግኩት። በየቀኑ የሚሄደው መብራት ዛሬ እኔን ሊያዋርድ ተቀምጧል። ቆይማ... ቆጣሪውን። ውጪ ግድግዳው ላይ ያለውን ቆጣሪ አጥፍተሽ መልሰሽ አብሪው።

ውድነሽ፦ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሙሽራ ተቀምጣለች።

አስናቀ፦ ለአንዲት ካስክ ብለሽ እኔን ልታሳፍሪኝ ነው?

ውድነሽ፦ ሬዲዮውን የገዛችልህ ያቺ አንዲት ካስክ ናት።

አስናቀ፦ አንድ ደቂቃ እኮ ነው። የሙሽራዋ ፀጉር የትም አይሸሽም።

ውድነሽ፦ እንግዶችህስ ይሸሻሉ? ሻይ ጨምርላቸው።

አስናቀ፦ እባክሽ።

ውድነሽ፦ ምን አልክ?

አስናቀ፦ እባክሽ አልኩ። ሰው እያየኝ ነው።

ውድነሽ፦ ይህችን ቃል ከአንተ አፍ የምሰማት በግድግዳው በኩል ብቻ ነበር። በሬዲዮ ለማታውቀው ፈረንጅ "እባክዎን" ትላለህ፤ ወደ እኔ ስትዞር "አንቺ፣ በሩን ዝጊ"። ያንገበግበኛል፣ እውነቴን ነው የምልህ። በል ቆይ፣ ሙሽራዋን ላስፈቅድ... እሺ ብላለች። ካንተ ትሻላለች። ይኸው ቆጣሪው ጋ ደርሻለሁ። አጠፋሁት... አበራሁት።

አስናቀ፦ ጠብቂ... ዋይፋዩ ገባ። ሬዲዮውም መጣ፣ ድምፅ እየሰማሁ ነው። አላልኩሽም? አሠራሩ ምንም እንከን የለውም። እየጠሩኝ ነው፣ በቃ ቻው። ማንም ቆጣሪው አጠገብ እንዳይደርስ።

ውድነሽ፦ ስልኩን እንዳትዘጋው።

አስናቀ፦ ደግሞ ለምን?

ውድነሽ፦ ንግግርህን ልሰማው ነዋ። "ያለ ሰው እጅ" የምትላት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ረጋ በል፤ እጄን ከቆጣሪው ላይ አላነሳሁም።