ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጀማሪ፦ የወይዘሮ ሉዌላ ብራንድቮልድ ዜና ሕይወት

ወይዘሮ ሉዌላ ብራንድቮልድ ከአባታቸው ከግንድ ቆራጩ ከአቶ ኢንግቫርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርዲስ በ1975 እ.ኤ.አ. በሞንታና፣ በኩትናይ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ሃልቮር ንዴቱን ቤት ትቶ እንዲመጣ ተመክሮ ነበር፤ አልተሳካለትም።

ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1997 ለደን እሳት አጥፊነት ተመዘገቡ። ፈተናው ሃያ ኪሎ ተሸክሞ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በአርባ አምስት ደቂቃ መጨረስ ሲሆን፣ መራመድ እንጂ መሮጥ ፈጽሞ ክልክል ነው። ወይዘሮ ሉዌላ ከሁሉም ቀድመው ሊጨርሱ ጥቂት እርምጃ ሲቀራቸው፣ «ይሄ የሴት ሥራ አይደለም» እያሉ ሲያላግጡባቸው የከረሙት አባታቸው ከአጥሩ ማዶ ሆነው ልባቸው አልችል ቢላቸው «በርቺ ልጄ፣ ሩጪ!» ብለው ጮኹ፤ እሳቸውም የአባት ቃል ሆነባቸውና ሮጡ። ፈታኙ «ጎበዝ ነሽ፤ ግን ሮጠሻል፤ ለከርሞ ያድርስሽ» ብሎ ስማቸውን ሰረዘ። አባታቸው የበረዶውን ወራት ሙሉ ማገዶ ሲፈልጡ ከራሳቸው ጋር ይጣሉ ነበር።

በዓመቱ አልፈው ሃያ ሰው ባለበት ቡድን ገቡና፣ እሳቱ ከመድረሱ በፊት አፈር እስኪታይ መሬቱን መፋቅን፣ ጠፋ የተባለውንም አመድ ጓንት አውልቀው በእጃቸው ጀርባ እየዳበሱ የተደበቀ ፍም መፈለግን ተማሩ። በቡድኑ ውስጥ «ሉዌላ ካልዳበሰችው አልጠፋም» ይባል ነበር።

ነገር ግን በረዶ ሲወርድ ይሰናበታሉ፤ ግንቦት ሲመጣ በመቀጠሪያው ቅጽ «ጀማሪ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አድርገው እንደ አዲስ ይቀጠራሉ። ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ! ያሠለጠኗቸው ልጆች ቋሚ ሆነው አለቆቻቸው ሲሆኑ፣ እሳቸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዱ በየዓመቱ የቋሚነት ማመልከቻ ይጽፉ ነበር፤ መልሱም አንድ ጊዜ ወረቀት ጎድሏል፣ አንድ ጊዜ ቀኑ አልፏል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ዝምታ ነበር።

በ2001 ከመጋዝ ጠጋኙ ከአቶ ዴልበርት ትቬይት ጋር ሊጋቡ ቀን ቆርጠው፣ ሠርጉ ሁለት ጊዜ በእሳት ምክንያት ተላልፎ በሦስተኛው በበረዶ ወራት ተፈጸመ፤ አንዲት ልጅም፣ ማርሊስን፣ አፈሩ።

በ2016 ሳንባቸው ታመመ። የሕክምና እርዳታ ቢጠይቁ፣ ቋሚ ሠራተኛ ስላልነበሩ የጎዳቸው ጢስ የየትኛው እሳት እንደሆነ እንዲያስረዱ ታዘዙ፤ እሳቸውም ትንፋሽ እያጠራቸው ከማርሊስ ጋር ተቀምጠው የሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት እሳቶችን ስም በእጃቸው ጽፈው ላኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ አንዱን መርጠው አዲስ ቅጽ እንዲሞሉ መልስ መጣላቸው። ወይዘሮ ሉዌላ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ «ታዲያ የትኛውን ልካደው?» ብለው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ስናያቸው የመጀመሪያችን ነበር። ምርጫቸውን ሳይጽፉ፣ ባለፈው ሐሙስ በአርባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ቅጹ ባዶውን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አለ።

አባታቸው ቀድመዋቸዋል፤ እናታቸው፣ ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ወንድማቸው፣ እንዲሁም ጫማቸውን ሳይቀይሩ ከሥራ በቀጥታ መጥተው ከኋላ የቆሙት የቡድናቸው ልጆች ዛሬ ያለ እሳቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀበላቸው፤ ደክመዋልና ቅጽ አታስሞላቸው፤ በረዶ ሲወርድም አታሰናብታቸው።