ከምርቃቱ በፊት የተነሣች እጅ

ጋሼ ደምሴ ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ባዶ ወንበር አግኝተው ደስ ብሏቸው ገቡ። ደስታው የቆየው እስኪቀመጡ ድረስ ነበር። ከጎናቸው፣ ቦርሳዋን ታቅፋ በመስኮት የምታየው ቤዛዊት ናት፤ የሾላ ውሃ ቀበሌ ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ። እሳቸው የዚያው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናቸው፤ ከተመረጡ ሁለተኛ ወራቸው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህችን ልጅ ሲሸሹ ከርመው፣ አሁን መውረጃ በሌለው ቁልቁለት ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጠሙ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ከወዴት ነሽ?»

«ከደብረ ብርሃን፣ ከሥልጠና። እርስዎስ?»

«የእህቴ ሙት ዓመት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።»

ዝናቡን ያነሡት ወሬ ለማስቀየስ ነበር፤ ግን ከዝናቡ የባሰ ወሬ አልነበረም። ሾላ ውሃ ከሸዋ ሮቢት በባጃጅ ግማሽ ሰዓት የምታስኬድ የቆላ መንደር ናት። ሰማይዋ ጥርት ብሎ፣ ማሾው በፀሐይ እየተንቋቋ ሳለ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። የቆላ ሰው ጎርፍን የሚጠብቀው የራሱን ሰማይ እያየ ሳይሆን የደጋውን ጉም እያየ ነው። ጋሼ ደምሴም በመስኮቱ በኩል ከገደሉ የሚወርደውን እያንዳንዱን ፈፋ ያዩ ነበር። ሁሉም ቀልቶ ይወርዳል።

ሦስት ሳምንት የሸሿትም በዚሁ ወንዝ ምክንያት ነው። ለወንዙ መከላከያ የሚሆን የሽቦ ቅርጫትና ድንጋይ ለቀበሌው መጥቷል፤ የሚበቃው ግን ለአንድ ቦታ ብቻ ነው። ባለፈው ስብሰባ ጋሼ ደምሴ ጉዳዩን እንዳነሡ፣ «በገበያው በኩል ይሁን፤ እግዚአብሔር ያጽናው፤ ጎርፉን ያስታግስልን» ብለው መረቁ። ጉባኤው «አሜን» አለ። በአገሩ ወግ ምርቃት ከወጣ በኋላ ቃል አይጨመርም፤ የሚጨምር ሰው ምርቃቱን እንዳፈረሰ ይቆጠራል። በዚያች ደቂቃ ግን ከኋላ ወንበር አንዲት እጅ ተነሥታ ነበር። እትዬ እቴነሽ የምትባል የታችኛው ሰፈር ሽንኩርት አምራች፣ የምክር ቤቱ አባል፣ እጇን ትንሽ አቆይታ ቀስ ብላ አወረደችው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤው ይጸድቃል፤ ነገ ጠዋት ድንጋዩ መጫን ይጀምራል።

የአርማንያን ከተማ እንዳለፉ ሚኒባሱ ቆመ። ከላይ የተናደ ቋጥኝ አስፋልቱን ዘግቶታል። ረዳቱ ወርዶ አይቶ ተመለሰና፣ «ሎደር ተጠርቷል። የቸኮለ በእግሩ ይውረድ፤ ያልቸኮለ ይጸልይ» አለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል።

ቤዛዊት ወደ እሳቸው ዞረችና፣ «ጋሼ፣ ያቺ እጅ እንቅልፍ ነሥታኛለች» አለች።

«የማን እጅ?»

«ያውቃሉ የማን እንደሆነች።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተነፈሱ። «ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት ሽምግልና ተቀምጫለሁ። ሽማግሌ ማለት ነገር ሳይገነፍል ከእሳት የሚያወርድ ማለት ነው። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ቃል ከተናገረ ወንዙ ይቀድመናል። ከስብሰባው በፊት ሁለት ሦስት ሰው አነጋገርኩ፣ ተስማማን፣ መረቅሁ። ጥል አልተነሣ፣ ሰው አልተቀያየመ። ይኼ ምኑ ነው ጥፋቱ?»

«ሠላሳው ሰው ታዲያ ለምን ተመረጠ? አሜን ለማለት ነው? ለአሜን እኮ ቤተ ክርስቲያን አለልን።»

ከፊት የተቀመጡት ሴትዮ ሳይዞሩ ሳቁ። ጋሼ ደምሴ ግን አልሳቁም። «ሹመቱን እኔ አልለመንኩም። አፈ ጉባኤ አሉኝ። የጉባኤው አፍ ከሆንኩ እናገራለሁ እንጂ ልታፈን?»

ቤዛዊት ይህን ስትጠብቅ የነበረች ትመስላለች። ትዕግሥት የሌላት ልጅ ናት፤ በሕግ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ቆይታ የተማረችውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ልታወጣው ትቸኩላለች። «የእኛ አገር የመጀመሪያው ምክር ቤት በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው የተቋቋመው፣ ጋሼ። ያኔ አባሎቹን ሕዝብ አልመረጣቸውም። ስለዚህ ሰብሳቢውም ዓይኑ ወደ ዙፋኑ ቢሆን አይፈረድበትም፤ የሾመው እዚያ ነው። እርስዎን የመረጠዎት ግን እዚያ ወንበር ላይ የተደረደረው ሰው ነው። ዓይንዎ ወዴት ነው መሆን ያለበት?»

«ፈረንጆቹስ? እናንተ የተማራችሁ ከፈረንጅ ሳትጠቅሱ አታድሩም።»

«ልጠቅስልዎት ነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ወታደር አስከትሎ ምክር ቤቱ ድረስ ገባ። የተቃወሙኝ አምስት ሰዎች የት ናቸው ብሎ አፈ ጉባኤውን ጠየቀ። አፈ ጉባኤው ተንበረከከ። ነገር ግን፣ ንጉሥ ሆይ፣ በዚህ ቦታ ጉባኤው ካላዘዘኝ በስተቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበትም አንደበት የለኝም አለው።»

ጋሼ ደምሴ ከዘራቸውን ማሽከርከር ተዉ። «ንጉሡስ ምን አለ?»

«ሰዎቹ አስቀድመው አምልጠው ነበር። ባዶ እጁን ወጣ።»

«ያ ሰው አንገቱን ለመስጠት ቆርጦ ነበር ማለት ነው።»

«ከእሱ በፊት የነበሩት አንዳንዶቹ አንገታቸውን ተቆርጠዋል። ለዚህ ነው እስከ ዛሬ አዲስ አፈ ጉባኤ ሲመርጡ፣ እምቢ እንዳለ ሰው እየጎተቱ ወንበሩ ላይ የሚያስቀምጡት።»

«ብልሆች ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «እኔን ማንም አልጎተተኝም። ሮጬ ነው የተቀመጥኩት።»

ይህን ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። የደወለው አቶ ለማ ነው፤ በገበያው ዳር ሆቴል ያለው የምክር ቤት አባል። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። «ጋሼ፣ የት ደረሱ? ስምንት ሰዓት ካልደረሱ ምክትልዎ መስፍን ይመራል፤ ምንም ሐሳብ አይግባዎት። ቃለ ጉባኤው እዚሁ አለ፤ ይነበባል፣ ይመረቃል፣ በቃ ነው። ውሃው ዛሬ ትንሽ ቀላ ብሏል።»

ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው ከተቱ። መስፍን የለማ አማች ነው። ቋጥኙ ካልተነሣ ነገሩ ያለ እሳቸውም ይዘጋል። ትናንትና ቢሆን ይህ እፎይ ያሰኛቸው ነበር፤ ዛሬ ግን አንገታቸውን አስግገው ሎደሩ መጥቶ እንደሆነ ያዩ ጀመር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ቤዛዊት። «ሁለት ሰው በድንበር ተጣልቶ እርስዎ ለሽምግልና ቢጠሩ፣ አንደኛውን ሳይሰሙ ይፈርዳሉ?»

«ሌባም ቢሆን ይናገራል። ከእኔ ዛፍ ሥር ሳይናገር የሄደ ሰው የለም።»

«ከፍርዱ በፊት ከአንዱ ወገን ቤት እራት ይበላሉ?»

«ሞቼ ነው? የአንዱን እንጀራ የቀመሰ ሽማግሌ ከዛፉ ሥር ይነሣል። ይኼ የአባቶቻችን…»

አልጨረሱትም። ቤዛዊትም አልቀጠለችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ይህች ችኩል ልጅ በዚያ ቀን የሠራችው ትልቁ ሥራ፣ እኔ እንደምገምተው፣ ያኔ ዝም ማለቷ ነው። ባለፈው ስብሰባ ዋዜማ ጋሼ ደምሴ በለማ ሆቴል በረንዳ ላይ ጥብስ በልተዋል፤ የሁለት ሰው ጥብስ። መንደሩ በሙሉ አይቷቸዋል። በዛፉ ሥር ቢሆን ማንም ሳይነግራቸው ይነሡ ነበር። አዳራሹ ጣሪያና ማኅተም ስላለው፣ ወንበሩም ስለሚሽከረከር፣ የዛፉ ሕግ እዚያ የማይደርስ መስሏቸው ነበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሹመት ወንበር ላይ ሲወጣ ከቤቱ ያመጣውን ጨዋነት በር ላይ ከጫማው ጋር ያወልቀዋል።

በመጨረሻ ጋሼ ደምሴ፣ «ያን ቀን እቴነሽ ምን ልትል ነበር?» አሉ።

«አላውቅም። አልተናገረችማ።»

«ጠይቀሻት አታውቂም?»

«ጠየቅኳት። በአዳራሹ ያልተሰማ ነገር በመንገድ ቢወራ ሐሜት ነው አለችኝ።» ቤዛዊት ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። «ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እጇን እያየሁ። እርስዎን ብቻ የምወቅስ አይምሰልዎት።»

ሎደሩ የመጣው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ መንገዱ የተከፈተው ሰባት ሰዓት ሲሆን። ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሙቀቱ ፊታቸውን ገረፈው። ባጃጅ ተኮናትረው ሲከንፉ፣ ከድልድዩ ላይ ጋሼ ደምሴ «አቁም» አሉና አንገታቸውን አውጥተው ወደ ታች አዩ። ውሃው ገና በድንጋዮቹ መካከል ነበር፤ ነገር ግን ጭራሮና ቅጠል ይዞ ይወርድ ነበር። «ንዳው» አሉ።

አዳራሹ ሲደርሱ መስፍን በወንበሩ ላይ ነበር። ቃለ ጉባኤው ተነቦ አልቋል። መስፍን ሁለት እጁን ለምርቃት ዘርግቶ ሳለ በሩ ተከፈተ። የገባን ሽማግሌ አቁሞ ማስጠበቅ ነውር ነውና ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ጋሼ ደምሴ ላባቸውን ጠረጉ። አቶ ለማ ከፊት ወንበር በዓይኑ ሰላም አላቸው፤ ዓይናቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምርቃቱ ይቆየን» አሉ። «ባለፈው እኔ ፈርጄ ነው የመረቅኩት። ከፍርዱ በፊት ደግሞ ከአንድ ወገን ማዕድ ቀምሻለሁ። በሽምግልና ወግ እንዲህ ያደረገ ሰው ይነሣል። እናንተ ተነሥ ካላላችሁ፣ ዛሬ ለወዲያም ለወዲህም ሐሳብ አልሰጥም፤ እጄንም አላነሣም። ተራ እሰጣለሁ። ባለፈው ስብሰባ እጇን አንሥታ ያልታየች አባል አለች። እትዬ እቴነሽ፣ ይናገሩ።»

«ተወስኖ ያለቀ ነገር ነው» አለ ለማ ከመቀመጫው ግማሽ ተነሥቶ።

«አቶ ለማ፣ ከእሷ ቀጥሎ ተራው የእርስዎ ነው። እስከዚያ ይቀመጡ።»

እትዬ እቴነሽ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ንግግሯ አጭር ነበር። «ከትምህርት ቤቱ ኋላ ያለው የሽንኩርት መሬቴ ላይ ጉድጓድ ሳስቆፍር፣ ከሁለት ክንድ በታች የወንዝ ጠጠር ነው የወጣው። ክብ ክብ ጠጠርና የቀንድ አውጣ ቅርፊት። ወንዙ ድሮ በዚያ ነበር የሚሄደው። የድሮው መውረጃ አፉ ደግሞ ከገበያው ማዶ ነው። በገበያው በኩል ከዘጋችሁበት፣ ወንዙ ሌላ መሄጃ የለውም፤ ወደ ድሮ ቤቱ ይመለሳል። በድሮ ቤቱ ላይ አሁን ያለው ትምህርት ቤቱ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የጉድጓዴ ውሃ ደፍርሷል። ዝናብ ግን እኛ ጋ አልጣለም።»

ጋሼ ደምሴ ብዙ የሚሉት ነበራቸው። በልጅነታቸው አያታቸው «የወንዙ መቃብር» ብለው ያሳዩዋቸው ቦታ ትዝ ብሏቸዋል። ምላሳቸውን ነክሰው፣ «አቶ ለማ» አሉ።

ለማ ተናገረ፤ በደንብም ተናገረ። ገበያው ከተበላሸ ቆላው በሙሉ ይራባል፤ አምና ጎርፍ የገባው ወደ ሱቆቹ እንጂ ወደ ትምህርት ቤቱ አይደለም አለ። ውሸት አልነበረም። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው ተናገረ። ሦስት ሰዎች ተመርጠው በባጃጅ ሄደው የድሮውን መውረጃ አፍ አይተው ተመለሱ፤ ጫማቸው ርሶ ነበር። ውሃው ወደዚያ መግባት ጀምሮ ነበርና የሚያስረዱት ብዙ አልቀራቸውም። አሥራ ዘጠኝ እጅ የድሮው መውረጃ አፍ እንዲዘጋ ለትምህርት ቤቱ ተነሣ፣ አሥር ለገበያው። የጋሼ ደምሴ እጅ ከዘራው ላይ ነበር።

«ያልተናገረ አለ?» አሉ። ዞረው ዞረው አዩ። «የቀረ እጅ አለ?» እንደገና ጠየቁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቁ የኋላ ወንበሩን ብቻ አዩ። ከዚያ በኋላ መረቁ። «አሜን» የሚለው ድምፅ ካለፈው ጊዜ ያነሰ ነበር፤ የተሸነፉት አላሉማ። ቤዛዊት ግን «በሙሉ ድምፅ» ብላ አልጻፈችም። አሥራ ዘጠኝ ለአሥር ብላ ጻፈች፣ የሁለቱንም ወገን ምክንያት ከነስሙ።

ቅርጫቱ በማግስቱ መሞላት ጀመረ። በስድስተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በጠራ ሰማይ ሥር ወንዙ መጣ። የድሮውን መውረጃ አፍ ሁለት ጊዜ ገፍቶ አላለፈም። ልጆቹ በክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ድምፁን ሰምተዋል። ገበያውን ግን ጭቃ ገባው። የለማ ሆቴል በረንዳ እስከ ቁርጭምጭሚት ሞላ፤ ስድስት ከረጢት ማሾ ተበላሸበት። ሰው አልሞተም።

ይህን የማወራው ጋሼ ደምሴን ለማወደስ አይደለም፤ ሊያደርጉት የሚገባውን ነው ያደረጉት፣ እሱንም ዘግይተው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰብሳቢ አስቀድሞ ሲፈርድ ጉባኤው የሚያውቀውን ሳይናገር ይወጣል። አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢያስተውል የሠላሳ ሰው ጉድጓድ አልቆፈረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ፣ ለማ አይመጣም ተብሎ ነበር። መጣ፤ የጭቃው ምልክት ሱሪው ላይ ነበር። ከኋላ ወንበር ተቀመጠና ፊቱን እንዳጠቆረ እጁን አነሣ። በአገሩ ወግ የተሸነፈ ሰው ቂሙን ይዞ ቤቱ ይቀመጣል፤ ቀን ሲገኝ በሌላ ነገር ይመልሳል። ይህ ሰው ግን እጁን ያነሣው በአዳራሹ ውስጥ ነው።

ጋሼ ደምሴ የቀሩትን እጆች አልፈው አዩት። «ዛሬ የምንጀምረው ከኋላ ነው» አሉ። «አቶ ለማ፣ ስለ ገበያው ይንገሩን።»