እሳትና ውሃ የተከለከለው ቤት

የእድሩ ዳኛ አቶ ኃይለ ገብርኤል ከባሕር ዳር ገበያ ሲመለሱ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ ግቢ በተነሳችው ባጃጅ ውስጥ የጎረቤታቸውን ልጅ ሲናን አገኟት። ዩኒቨርሲቲ ስለ መንግሥታት ግንኙነት የምታስተምር፣ ክርክር የማትጠላ ልጅ ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ጨዋታዋን ይወዱት ነበር፤ ዛሬ ግን ከጧት ጀምሮ ሐሳባቸው ሁሉ በሰጡት ፍርድ ላይ ነው።

አምሐ የሚባል የመንደሩ ሀብታም ከብት ወደ ጣና የሚወርድበትን መንገድ አጥሮ፣ ሽማግሌ ቢላክበት አሻፈረኝ ብሏል። እሳቸውም ለቤቱ እሳት እንዳይጫርለት፣ ውሃ እንዳይቀዳለት፣ ቢታመምም ቢሞትም ቃሬዛ እንዳይነሳለት ፈረዱ። አምሐ ከተማ ባለው ሁለተኛ ቤቱ ጮማውን ይቆርጣል። መንደር የቀረችው ቤት ጠብቂ የተባለችው ሚስቱ ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ እሷም መውለጃዋ ደርሷል።

ሲና ነገሩን ከእናቷ ሰምታ ኖሮ፣ ከባጃጅ ወርደው የሐይቁን ዳር ይዘው ሲሄዱ አነሳችው። መንግሥታትም እንዲህ ያደርጋሉ፣ ማዕቀብ ይሉታል አለች። መድኃኒት በሕግ ባይከለከል እንኳ የሚያመጣው ነጋዴ ቅጣት ፈርቶ ይቀራል፤ ከአገሩ መሪ ማዕድ ግን አንድ ጉርሻ አይጎድልም።

«ታዲያ ምን ላድርግ ኖሯል?» አሉ። «ጎረምሶቹ ጠመንጃ ሊያነሱ ሲሉ በዚህ ፍርድ ያዝሁዋቸው። ዝም ብል ደም ይፈስ ነበር።»

«እሱስ እውነትዎን ነው፣ ጋሽ ኃይሌ። ከጥይት ማዕቀብ ይሻላል፤ አንዳንዴም እምቢተኛውን ለድርድር ያመጣዋል። ግን ያጠረው አምሐ፣ የተጠማችው ወለተ ጊዮርጊስ።»

«ሚስቱ ስትቸገር ይሰማዋል ብለን ነው።»

«ተሰማው?»

ጋቢያቸውን አጣፍተው ቀድመዋት ሄዱ። ፈራጅ ሁሉ ፍርዱ የት እንዳረፈ ማየት ይፈራል፤ እሳቸውም ሰው ናቸው።

ከአምሐ ቤት የሴት ጣር የሰሙት መንደሩ እንደ ገቡ ነው። ጎረቤቱ በየደጃፉ ቆሟል፤ ቃሬዛው ከእድሩ ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ማንም አልነካውም። ዳኛውን ሲያዩ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ወደ ሲና ዞሩ።

«እኔን ፈርተው ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ እርስዎን ነው።»

ጋቢያቸውን ለሲና ሰጥተው ቃሬዛውን ብቻቸውን ይጎትቱ ጀመር። ይህን ያየ ጎረቤት ሁሉ ተሯሩጦ ደረሰ። ወለተ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ራሷን ስታ ነበር፤ እሷም ሕፃኗም በእግዜር ቸርነት ተረፉ።

በማግሥቱ እድሩ ተሰብስቦ ፍርዱን አቀና። እሳት፣ ውሃ፣ የታመመ መርዳትና የሞተ መቅበር ከእንግዲህ አይታገድም። ይልቅስ መንገዱ እስኪከፈት የአምሐን ባሕር ዛፍ የሚገዛ፣ በሬውን የሚደልል እንዳይኖር ተባለ፤ በከፈተ ዕለት ግን ቅጣቱ ይነሳለታል። አምሐ ለጊዜው ሳቀ። ኋላ ያስቆረጠው ግንድ ገዢ አጥቶ ፀሐይ ሲሰነጥቀው እያጉረመረመ መጥቶ አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለ። ከብቱ ጠጣ፣ የጎረምሶቹም ጠመንጃ ከተሰቀለበት አልወረደም፤ ለልጅ የሚተርፍ ቂምም አልቀረም።

አቶ ኃይለ ገብርኤልን ግን ፍርዴ ማን ላይ ያርፍ ይሆን የሚለው ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም፤ እንዲለቃቸውም አይፈልጉም። እገሌ ይቀጣልን ብሎ አቤት የሚል በመጣ ቁጥር፣ ጥፋቱን ከመስማታቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«እዚያ ቤት ሌላ ማን አለ?»