ብረት የለበሰው ገመድ

ለአንድ ገመድ ስድስት ሺህ ብር ላወጣ ነበር። ኮምፒውተሩ ቃሊቲ ግቢዬ ውስጥ ባለው ወፍጮ ቤት፣ ድምፅ ማጉያው ሳሎን ነው፤ ሁለቱን በኔትወርክ ገመድ አገናኝቼ ባለቤቴ አስካለ በገና ታዳምጣለች። ወፍጮው በዞረ ቁጥር ግን በገናው ይቆራረጣል። ከሳሪስ የጠራሁት ነጋዴ ብረት የለበሰ ገመድ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ከዚህ የተሻለ የለም» አለኝ። «ወፍጮው እየዞረ አስካለ ካልመሰከረች አምስት ሳንቲም የለህም» አልኩት።

ገመዱን ዘረጋ፤ እኔም ወፍጮውን ባዶውን አስነሳሁ። አስካለ ጥቂት አዳምጣ «መቆራረጡስ ቀረ፤ ይኼ ንብ ከየት መጣ?» አለች። እውነትም ከበገናው ሥር እምም የሚል ድምፅ ነበር። ነጋዴው የገመዱን ሁለት ጫፍ አየ። «ብረቱ የሁለቱን ቤት የመብራት መስመር አገናኝቶት፣ የመብራቱ ድምፅ ወደ ማጉያው እየገባ ነው» አለ።

«እንግዲያው ብረት የሌለበት አምጣ!» አልኩት።

«ፋይበር አለ፤ የመስታወት ክር ነው። በሁለቱም ጫፍ ሞጁል የሚሉት ትንሽ መቀየሪያ ይሰካለታል። ሁሉም ተደምሮ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው።»

«ታዲያ ምነው እስካሁን ደበቅከኝ?»

«እርስዎን ለመሰለ ሰው ርካሽ ዕቃ ማሳየት ነውር መስሎኝ!»

«እኔን የመሰለ ሰው የሆንኩት ርካሹን እየጠየቅኩ ነው» አልኩት።

ፋይበሩ ሲገባ ንቡም መቆራረጡም ጠፋ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብር ተረፈኝ፤ የከሰርኩት ወፍጮው ባዶውን የዞረበት የግማሽ ቀን ገበያ ነው። እሱ ተቀንሶ እንኳ ከሁለት ሺህ በላይ እጄ ላይ ቀርቷል፤ አስካለም በገናዋን እስከ መጨረሻው ሰምታለች።